ፍንጩን እንዳታምኚው

እህቴ፣ «ጎንደር ነው የምኖረው፤ የእንግሊዝኛ ክሪፕቲክ ክሮስወርድ (ፍንጩ ራሱ እንቆቅልሽ የሆነበት፣ ሳጥን በቃላት የሚሞላበት ጨዋታ) ጀምሬ አንዱንም መሙላት አቃተኝ፤ እንግሊዝኛዬ ስለማይበቃ ነው? ልተወው?» ብለሽ የጠየቅሽውን አየሁት። አትተይው። ችግሩ እንግሊዝኛሽ አይደለም። የኔም እንግሊዝኛ የኮሌጅ እንግሊዝኛ ነው። አሁን ግን ከባድ የሚባለውን ቁጭ ብዬ እጨርሳለሁ። ጉራ ካልሽው ጉራ ነው፤ ለፍቼበታለሁ።

መቼም አንቺም እንደኔ ከሥራ መልስ ፒያሳ ማኪያቶ አዘሽ ነው የምትሞክሪው። ስለዚህ እኔን የጠቀመኝን በቁጥር ልንገርሽ።

1. እስክሪብቶውን ትተሽ እርሳስ ያዢ። ይሄ አለቀ።

2. ፍንጩን እንደ ዓረፍተ ነገር አታንብቢው። ዓረፍተ ነገሩ የተሠራው ሊያሳስትሽ ነው። የቃሉ ፍቺ የሚቀመጠው ወይ መጀመሪያ ላይ ነው፣ ወይ መጨረሻ ላይ። መሐል አይገባም። የቀረው ቃሉ እንዴት እንደተሠራ ይነግርሻል፦ ፊደሎቹ ተበጥብጠው፣ ወደ ኋላ ተገልብጠው፣ ሌላ ቃል ውስጥ ተሸጉጠው፣ ወይ በድምፅ ተመሳስለው። «ፍላወር» ሲልሽ አበባ ስታስቢ አትምሺ። በእንግሊዝኛ አጻጻፉ አንድ ስለሆነ «የሚፈስ» ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ የምትፈልጊው ወንዝ ነው። በዚህች ቃል ስንቴ ተናድጃለሁ መሰለሽ!

እውነቱን ለመናገር ይሄ ለኛ ከተማ ሰው እንግዳ ነገር መሆን አልነበረበትም። አጎቴ ዋሸራ ቅኔ የተማሩ መሪጌታ ናቸው። እንግሊዝኛ የሚባል አያውቁም። አንድ ፍንጭ ተርጉሜ ባነብላቸው ስለ ትርጉሙ አልጠየቁኝም። «ኅብሩ የቱ ቃል ላይ ነው?» ብቻ አሉኝ። እኔ እኮ ያን ጊዜ መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ ነበር የምውለው። እሳቸው ቀጥ ብለው ኅብሩን፣ ቃሉ ሁለት ፊት ያለበትን ቦታ ፈለጉ። ከዚያ ወዲህ እኔም ሌላ ነገር አልጠይቅም። የትኛው ቃል ነው ሁለት ፊት ያለው? በቃ።

3. ቅንፍ ውስጥ ያለችውን ቁጥር እንደ ዓይንሽ ብሌን ጠብቂያት። መልሱ ስንት ፊደልና ስንት ቃል እንደሆነ የምትነግርሽ እሷ ናት። እዚህ ላይ ነው ያቃጠሉኝ። እንግሊዝ አገር የሚወጣው ጋዜጣ እዚህ ስለማይመጣ ፍንጮቹን ከስልኬ ላይ እሰበስባለሁ። አንድ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ወስጄ (ስሙ ይቅር) አጽድተው ተይበው፣ ጠርዘው እንዲሰጡኝ ከፈልኩ። ጥራዙ ሲያምር! ቤት ገብቼ ስከፍተው ቁጥር የሚባል የለም። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ባዶ። ተመልሼ ስጠይቅ ልጁ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ጽሑፉን ያበላሻሉ ብለን አጠፋናቸው» አለኝ። እንዲመልሱልኝ ብል «ድጋሚ ትየባ ድጋሚ ክፍያ ነው።» ከኋላዬ ወረፋ የያዘችው ሴትዮ ደግሞ ጥራዙን አየት አድርጋ «ባዶ ሳጥን ለማሳተም ነው ይሄ ሁሉ ጭቅጭቅ?» አትለኝም! እስካሁን በዚያ በር ሳልፍ ደሜ ይፈላል። አንቺ ስትወስጂ «አንዲት ቁጥር እንዳትነኩ» ብለሽ በጽሑፍ ስጫቸው።

ቁጥሯ ምን ያህል እንደምትሠራ ታውቂ ዘንድ ይቺን የታወቀች ፍንጭ እዪ፦ «ጂ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤስ (9፣4)»። አራት ፊደል ብቻ፣ ትርጉም የለውም። ቁጥሯ ግን ዘጠኝ ፊደልና አራት ፊደል ያላቸው ሁለት ቃላት አሉ ትልሻለች። አራቱን ፊደል አስተካክይው፤ «ኤግስ» ይሆናል። ተበጥብጧል። መልሱ «ስክራምብልድ ኤግስ»፣ ቁርስ ቤት የምናዘው እንቁላል ፍርፍር! ያለ ቁጥሯ እስከ ፋሲካ ብትቀመጪ አታገኚውም።

እኔ በራሴ ፈትቼ ጮክ ብዬ የሳቅኩባት ደግሞ ሌላ ናት፦ «ኤች፣ አይ፣ ጄ፣ ኬ፣ ኤል፣ ኤም፣ ኤን፣ ኦ (5)»። ከኤች እስከ ኦ ያሉት ፊደሎች ተደርድረዋል። በእንግሊዝኛ ከኤች እስከ ኦ ስትይው «ኤች ቱ ኦ» ነው። የኬሚስትሪ ክፍል ውሃ፣ «ዎተር»! አስተናጋጁ ምን ነካው ብሎ ዞሮ አየኝ። ደስ የሚለው ምን መሰለሽ፣ መልሱን ስታገኚ ማንንም አትጠይቂም። ፍቺውም አሠራሩም አንድ ቃል ላይ ሲገናኙ ራስሽ ታውቂዋለሽ። ተራው ክሮስወርድ ላይ ይሄ የለም፤ «ሊሆን ይችላል» ብለሽ ነው የምትሞይው።

4. ፍንጭ ላይ የሚመላለስ የእንግሊዞች የቃላት ጓዝ አለ፣ እሱን ሸምድጂው። መርከበኛ ሲሉ «ታር» ወይ «ኤ፣ ቢ» ነው። ሠራተኛ ሲሉ ጉንዳን ይሆናል። ክሪኬት የሚሉት የዱላና የኳስ ጨዋታቸው ነው የሚያበሳጨው። በክሪኬት ተጫዋች ምንም ሳያስቆጥር ሲወጣ ዜሮው «ዳክ» (ዳክዬ) ይባላል፤ ስለዚህ ዳክዬ የተባለው ዜሮ የሚመስለው «ኦ» ፊደል ሊሆን ነው። አዘዞ ያደገ ሰው ይሄን ከየት ያመጣዋል? ደብተር ላይ መዝግቢ፣ ሌላ መላ የለውም።

ቤት ውስጥ «ሥራ ፈት» የሚልሽ ካለ ደግሞ ይሄን ንገሪልኝ። እ.ኤ.አ. በ1942፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ዴይሊ ቴሌግራፍ የሚባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ ክሮስወርድ ፈቺዎችን ለንደን ጠርቶ በ12 ደቂቃ ጨርሱ ብሎ አወዳደረ። ከዚያ ከተወዳዳሪዎቹ አንዳንዶቹ ተመልምለው ብሌችሊ ፓርክ ገቡ፤ የጠላትን የምስጢር መልእክት የሚፈቱበት ቦታ። የኔ ሚስት ይሄን ከሰማች በኋላ ትንሽ ታግሳኛለች።

5. በአማርኛ ራስሽ ፍንጭ አውጪ። ፍንጭ የሚያወጣው ሰው ምን እንደሚያስብ የሚገባሽ ያኔ ነው። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን ስለማያሳይ ለተንኮል ምቹ ነው። የኔ ሥራ ይኸውልሽ፦ «የታኅሣሥ 29 በዓል አልደረሰም (2)»። መልሱ ገና። ስታጠብቂው በዓሉ፣ ስታላዪው «አልደረሰም»። አጎቴ ሰምተው «መቼም ክፉ አይደለም» አሉ፤ ከሳቸው አፍ ይሄ ትልቅ ሙገሳ ነው።

አሁን ይቺን ሞክሪ፦ «ወደ ኋላ ማለ፤ በለጸገ (2)»። መልሱን እዚህ አትጻፊው፣ ሌሎቹ ይሞክሩት፤ በውስጥ መስመር ላኪልኝ።