የአርሴናል ልምምድ ሜዳ፦ ከወሎ የመጡ ጥያቄዎችና መልሶች

ባለፈው ስለ አርሴናል ልምምድ ሜዳ አንድ ሁለት መስመር ጣል ባደርግ የጥያቄ መዓት ወረደብኝ። የማንቸስተር ደጋፊዎችን ተረብ አልፌ ቁም ነገር ያላቸውን መርጫለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

«የሰፈራችን ቡድን የሚሠራው ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ነው። የተማሪ ስፖርት ሲደርስ እንባረራለን። ትልቅ ክለብ እንዲህ ሆኖ ያውቃል?» (ከደሴ)

እንዴት አያውቅም! አርሴናል ራሱ። እስከ 1961 ልምምዱን የሚሠራው እዚያው ሃይበሪ፣ በሚጫወትበት ስታዲየም ነበር። ኋላ ለንደን ኮልኒ ሄደ፤ ግን ሜዳው የራሱ አይደለም፣ የአንድ የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ማኅበር ንብረት ነው። እነ ቶኒ አዳምስ፣ እነ ኢያን ራይት፣ እነ በርግካምፕ ላባቸውን ያፈሰሱት የተማሪ ሜዳ ላይ ነው። በ1998 ሊጉንና ኤፍኤ ካፑን አንድ ላይ ያነሳው ቡድን እንኳ ተከራይ ነበር። ስለዚህ ብዙም አትሸማቀቁ።

የሰው ቤት ግን መዘዝ አያጣም። አሠልጣኙ ቬንገር ከጃፓን በመጡበት በ1996 የመልበሻ ክፍሉ በእሳት ጋየ። ተጫዋቾቹ ሴንት አልባንስ ያለ ሶፕዌል ሃውስ የሚባል ሆቴል ውስጥ ልብስ ቀይረው ወደ ሜዳ፣ ሠርተው ደግሞ ወደ ሆቴሉ። የፕሪሚየር ሊግ ቡድን ነው እንግዲህ፣ ማልያ በሆቴል የሚቀይር። ቬንገር «የራሳችን ሜዳ ይኑረን» ቢሉ ማን ይፈርድባቸዋል?

«ሜዳውን ያሠራው አኔልካ ነው የሚሉት እውነት ነው ወይስ የዲኤስቲቪ ቤት ወሬ?» (ከኮምቦልቻ)

ወላሂ እውነት ነው፣ ልጁ፣ ፈረንሳዊው አጥቂ፣ ባያስበውም። አርሴናል በ1997 ከፓሪስ ሲያመጣው የከፈለው ግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ ነው። በ1999 ክረምት ለሪያል ማድሪድ ሲሸጠው ግን 22 ሚሊዮን ገደማ ተቀበለ። እስቲ ደምሩት፦ ወደ 11 ሚሊዮኑ ቴሪ ሆንሪን ከጁቬንቱስ አመጣ፣ ወደ 10 ሚሊዮን የሚሆነው ደግሞ ሜዳው ላይ ዋለ። አንድ ያኮረፈ ልጅ ሸጦ ሆንሪንና የራስን ሜዳ ማግኘት! ከዚህ የተሻለ ንግድ እኔ በበኩሌ በእግር ኳስ አላየሁም።

ሥራው አልቆ በዚያው ዓመት ጥቅምት ተከፈተ፣ ከድሮው የተማሪ ሜዳ አጠገብ። ቬንገር ዲዛይኑ ላይ ብዙ ገብተውበታል። አሥር ሙሉ ሜዳ አለው፣ ለተጎዱ ተጫዋቾች የውሃ ሕክምና ገንዳም አለው። ያን በሊጉ በተከታታይ 49 ጨዋታ ያልተሸነፈውን ቡድን ያዘጋጁት እዚህ ነው።

«ለንደን ኮልኒ ሲባል ለንደን ውስጥ ነው?» (ከሐይቅ)

አይደለም። ከለንደን ወጣ ብሎ በስተሰሜን፣ ሄርትፎርድሺር ውስጥ ነው። ከክለቡ ስታዲየም ከኤምሬትስ ያለው ርቀት ከደሴ ኮምቦልቻ የመውረድ ያህል ነው፣ ያውም ያለ ጠመዝማዛው።

«እኛ ወልዲያ ያማረ ስታዲየም አለን። ለልምምድ ሌላ ሜዳ ምን ያደርጋል?» (ከወልዲያ)

ስታዲየማችሁ ያምራል፣ አልከራከርም። በ2009 ጥር ሲመረቅ (ይሄኛው በእኛው አቆጣጠር ነው) ከ25 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ፣ ለወሎ ብርቅ የሆነ ነገር ነበር። ግን ሣር ዕረፍት ይፈልጋል። ሃያ ምናምን ሰው ጠዋት ጠዋት በታኬታ የሚረግጠው ሜዳ፣ በተለይ በር አካባቢ፣ ቶሎ ይመለጣል፣ ከዚያ ክረምት ሲገባ ጭቃ ነው። አሥር ሜዳ ያለው ክለብ አንዱን ሲጠቀም ሌላውን ያሳርፋል። አሥሩ ይቅርብን፣ አንድ የልምምድ ሜዳ ብቻ ቢጨመር የስታዲየሙ ሣር ዕድሜው ይረዝማል። ለስታዲየም ሪባን የሚቆርጥ ሞልቷል፤ ለልምምድ ሜዳ ግን ማን ካሜራ ይዞ ይመጣል?

«ሳካም እዚያ ነው ያደገው?» (ከደሴ)

የለም፣ ሕፃናቱ የሚሠለጥኑት ሄል ኤንድ በሚባለው አካዳሚ፣ ሰሜን ምሥራቅ ለንደን ነው። ሳካም፣ ኢዎቢም፣ ስሚዝ ሮውም ከዚያ ነው የመጡት። ኮልኒ የሚገባው ከፍ ሲል ነው።

«ለንደን ያለ ዘመድ አለኝ። ገብቶ ቢያይልኝስ?» (ከኮምቦልቻ)

አያስገቡትም፣ ለሕዝብ ክፍት አይደለም። ኤምሬትስ ግን ቲኬት ቆርጦ መጎብኘት ይቻላል፣ እዚያ ይሂድልህ። የኮልኒውን በካርታ የሚፈልግ ደግሞ ሶብሃ ሪያልቲ የሚል ስም ቢያገኝ እንዳይደናገር፣ የዱባይ ሪል ስቴት ኩባንያ ስፖንሰር ነው።