መልስ፦ 9 ሚሊሜትር ሽጉጤን ሸጬ ባለ 45 (0.45 ኢንች) ልግዛ?

አትሽጠው። «9 ሚሊሜትር ሰው አያቆምም» ያሉህ ሰዎች የድሮ ክርክር ነው የሚደግሙት። የሚወስነው አረሩ የት እንደገባና ምን ያህል እንደጠለቀ ነው፤ ጥቂት ሚሊሜትር የውፍረት ልዩነት የሳተ ተኩስን አያቃናም።

ክርክሩ የጦፈው እ.ኤ.አ. በ1986 የአሜሪካ ፌዴራል ፖሊስ (ኤፍቢአይ) ማያሚ ላይ ከዘራፊዎች ጋር ከተታኮሰ በኋላ ነው። አንድ የ9 ሚሊሜትር አረር የአንዱ ዘራፊ ልብ ጋ ሳይደርስ ቆመ፤ ኤፍቢአይም ወደ 10 ሚሊሜትር፣ ከዚያ ወደ 40 (0.40 ኢንች) ዞረ። በመጨረሻ ግን ወደ 9 ተመለሰ፦ አረሮቹ ተሻሽለዋል፣ ወደ ኋላ የሚመታው ግፊት ቀላል ስለሆነ ሁለተኛው ተኩስ ቶሎ ዒላማው ላይ ያርፋል፣ ካዝናውም ብዙ ጥይት ይይዛል።

መቀየር ያለብህ ጥይቱን ነው። ድፍን አፍንጫው ለልምምድ ይሁን፤ ሰውነት አልፎ ከኋላ ያለን ሰው ሊመታ ይችላል። ለቤት አፍንጫው ጎድጓዳ የሆነውን፣ ሰውነት ሲመታ የሚከፈተውን ያዝ፤ የአረሩ ክብደት 124 ወይም 147 ግሬን (የጥይት ክብደት መለኪያ) ይሁን። ሥጋን ተክቶ ለሙከራ በሚያገለግለው በ10 በመቶ ጄላቲን፣ ጨርቅ ለብሶም ጭምር፣ ከ30 እስከ 46 ሴንቲሜትር የሚገባ መሆኑን አረጋግጥ። ርካሹ ጎድጓዳ ጨርቅ ሲወተፍበት ሳይከፈት እንደ ድፍኑ ያልፋል። ከዚያ በራስህ ሽጉጥና በራስህ ካዝና ቢያንስ 100 ተኩስ። ውድ ነው፣ ግን ሽጉጡን የሚያስነክስ (የሚያቀረቅር) ጥይት ከምንም አይሻልም። በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግዛት ከሆንክ ይህን ጎድጓዳ ጥይት ይዞ መንቀሳቀስ በሕግ የተገደበ ነው፤ ከቤት ሳታወጣው ሕጉን እይ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሽጉጡን ባራገፍክና መልሰህ ባጎረስክ ቁጥር ያንኑ ጥይት አትመልሰው። በተደጋጋሚ ሲቀባበል አረሩ ወደ ቀለሁ ይሰምጣል፣ የባሩዱም ግፊት ከልክ ያልፋል። ከአዲስ ጥይት ጎን አቁመህ ቁመቱን አስተያይ፤ ካጠረ አትተኩሰው።