«የለም» ያልኩበት ቀን

ባለፈው ገና የእህቴ ልጅ ደብረ ብርሃን ቤቴ መጥታ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት፤ ባዮሎጂ ታጠናለች። ከሰሉ ዳር ተቀምጠን ቡና እየጠጣን ድንገት «ጋሼ፣ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ» አለችኝ። «የኤችአይቪ መድኃኒት ቫይረሱን በደም ውስጥ እስከማይታይ ድረስ ካጠፋው፣ ሰው ለምን ዕድሜ ልኩን ይወስደዋል?»

መልሱን አውቀዋለሁ። 30 ዓመት ላብራቶሪ ውስጥ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ግን ስኒውን አስቀምጬ ዝም አልኩ። ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ይሄን ለእሷም፣ ነጭ ጋውን ለመልበስ ለምትዘጋጁትም ሁሉ እጽፋለሁ።

ቫይራል ሎድ የሚባለው፣ በደም ውስጥ ያለውን የቫይረስ መጠን የሚለካው ምርመራ ገና እየተለመደ በነበረበት ጊዜ ነው። ናሙናውን በበረዶ ሣጥን ወደ ሌላ ከተማ እንልካለን፤ ውጤቱ ከሳምንታት በኋላ በወረቀት ይመለሳል። ከታካሚዎቻችን አንዷ ከመንዝ ወገን የመጣች፣ 40 ዓመት ያልሞላት ሴት ነበረች። የበግ ፀጉር ፈትላ ትሸጣለች። ደም ልቀዳላት ክንዷን ስትዘረጋ እጅጌዋ ላይ ሁልጊዜ የፀጉር ብናኝ አይጠፋም። ጣቶቿ በፀጉሩ ቅባት ወዝተው ያብረቀርቃሉ። መድኃኒት ከጀመረች አምስት ዓመት ሆኗት ነበር። አንድ ቀን አታጓድልም።

ኅዳር ነው፣ ማለዳ። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሰዉ ጋቢውን ተከናንቦ፣ እግሩን መሬት ላይ እየመታ ወረፋ ይጠብቃል። መብራት ሳይጠፋብኝ ደም አሽከርክሮ የሚለየውን ሴንትሪፊውጅ ላስነሣ ብዬ ቸኩያለሁ። እሷ ከመስኮቱ ወዲያ ቆማ ወረቀቱን ዘረጋችልኝ።

«ዶክተር፣ ምን ይላል?»

ዶክተር አይደለሁም፤ ግን ሰው ጋውን የለበሰውን ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠራው። ወረቀቱ ላይ በእንግሊዝኛ «ታርጌት ኖት ዲቴክትድ» ተብሎ ተጽፏል። መሣሪያው በዚህ ናሙና ውስጥ ሊቆጥረው የሚችል ቫይረስ አላገኘም ማለት ነው። እኔ ግን እንዲህ አልኳት፦

«እንኳን ደስ አለሽ። የለም።»

«የለም?»

«የለም።»

ሁለት ጊዜ አልኩት። ሁለተኛውን ስል ዓይኔ ከኋላዋ የቆመው ሰውዬ ላይ ነበር።

«ምስር ብላ!» አለችኝ። እንባዋ መጣ። ራሷ ፈትላ የሠራችውን የሱፍ የአንገት ልብስ ከአንገቷ ፈታ በመስኮቱ ቀዳዳ ገፋችልኝ። አልቀበልም አልኩ። «የምሥራች ያበሰረ ባዶ እጁን አይቀርም» አለች። ተቀበልኩ። ገና የአንገቷ ሙቀት ነበረበት።

መድኃኒቷን አስቀድማ ወስዳ ስለነበር ወደ ክትትል ክፍሉ አልተመለሰችም። ስለት ነበረባትና ጃንጥላ ገዝታ ወደ ጻድቃኔ ማርያም ጠበል ሄደች። ከዚያም መድኃኒቱን አቆመች።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ጠበሉን ይወቅሳል፤ ስለዚህ ልናገር። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው በአደባባይ ተናግረዋል። እሷንም መድኃኒቱን ተይ ያላት ካህን የለም። ተይ ያላት የኔ «የለም» ነው። የሌለን ነገር ማን በመድኃኒት ያባርራል?

ከዘጠኝ ወር በኋላ፣ በነሐሴ ዝናብ፣ ወንድሟ ደግፎ አመጣት። አላወቅኋትም። ሳል ይዟታል፣ ቆዳዋ አጥንቷ ላይ ተጣብቋል። የሳንባ ነቀርሳ ነበር። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጠዋት፣ ክትትል ክፍሉ ውስጥ የምትሠራ ነርስ ቆማባት ትቆጣለች። «ለምን አቋረጥሽ? ስንት ጊዜ ተመከርሽ?» ነርሷ ክፉ ሰው አልነበረችም። ደንግጣ ነው።

«ጠፍቷል ተባልኩ» አለች።

«ማነው ያለሽ?»

እኔ የአክታ ዕቃዎች በትሪ ይዤ ከሦስት እርምጃ የማይበልጥ ርቀት ላይ ቆሜያለሁ። ቀና ብላ አየችኝ። ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። ከዚያ ወደ መሬት አቀርቅራ «እንዲያው ሰምቼ ነው» አለች።

ትሪውን ይዤ ወደ ላብራቶሪ ገባሁ። በሩን ዘጋሁት። ዕቃዎቹ ላይ ቁጥር መጻፍ ጀመርኩ። የጻፍኩት ቁጥር ሁለት ጊዜ ተሳሳተብኝ።

ካርዷ ላይ «ያቋረጠች» ተብሎ ተመዘገበ። ከዚያ በኋላ በመጣች ቁጥር አዲስ ባለሙያ ካርዱን ገልጦ እንደገና ይመክራታል፤ አንዳንዱም ይገሥጻታል። ስድስት ወር የነቀርሳውን መድኃኒት ጨረሰች፤ ፀረ-ኤችአይቪውንም ቀጠለች፤ ዳነች። በኋላ ልጇ ወዳለችበት ከተማ ሄደች፤ ክትትሏም ወደዚያ ተዛወረ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን «ጥፋቱ የኔ ነው» አላልኳትም። ለነርሷም አልነገርኩም።

እንግዲህ ያን ቀን መስኮቱ ላይ ማለት የነበረብኝን ለእህቴ ልጅ የነገርኳት በሁለተኛው ቀን ነው። ምሳሌ አልወድም። ምሳሌ ሰውን ከልኩ አሳልፎ ይወስዳል፤ እናንተም ስታስረዱ ተጠንቀቁት። እኔ ግን ያለ እሱ አልሆን አለኝና ስንክሳርን አነሣሁላት። ስንክሳር የዓመቱን ሁሉ የቅዱሳን ታሪክ ይዟል። ዛሬ የሚነበበው ግን የዛሬው ብቻ ነው። የግንቦቱ ገጽ በጥቅምት አልተነበበም ተብሎ የለም አይባልም።

ሴልም እንዲሁ ነው። በአንድ ሴል ውስጥ ያለው ዲኤንኤ፣ የሰውነት መመሪያ የተጻፈበት ክር፣ ተዘርግቶ ቢለካ ወደ 2 ሜትር ይጠጋል። ፕሮቲን የሚያሠሩት የመመሪያው ገጾች፣ ጂኖች የሚባሉት፣ ወደ 20,000 ናቸው። የጉበት ሴልና የነርቭ ሴል ያላቸው መጽሐፍ አንድ ነው፤ የሚያነቡት ገጽ ይለያያል። ጉበት አልቡሚን የሚባለውን የደም ፕሮቲን ገጽ ያነባል። ቆሽት ውስጥ ያሉ ጥቂት ሴሎች የኢንሱሊንን ያነባሉ። ቀሪው ዲኤንኤ ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ ተጠምጥሞ ይቀመጣል፤ ጠብቆ እንደተጠቀለለ ልቃቂት። የትኛው ይፈታ፣ የትኛው ይቅር የሚሉ ሌሎች ፕሮቲኖች አሉ፤ የዕለቱን ንባብ እንደሚያዝ ግጻዌ ማለት ናቸው። የተፈታው ገጽ መልእክተኛ አርኤንኤ ወደሚባል ቅጂ ይገለበጣል። ራይቦዞም መልእክቱን ሦስት ሦስት ፊደል እያነበበ ፕሮቲን ይሠራል። ጂን ተገለጠ የሚባለው ይሄ ሲሆን ነው።

አሁን ቫይረሱን አምጡ። ኤችአይቪ የራሱ ራይቦዞም የለውም። ያለው ሁለት ቅጂ አርኤንኤ ነው፤ እያንዳንዱ ወደ 9,700 ፊደል፣ ዘጠኝ ጂን ብቻ። ሲዲ4 የሚባለው ነጭ የደም ሴል ውስጥ ሲገባ ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ የሚባል ኢንዛይም ይዞ ነው። አርኤንኤውን ወደ ኋላ፣ ወደ ዲኤንኤ ይጽፈዋል። እንዲህ ያለውን ኢንዛይም ኤችአይቪ ገና ሳይታወቅ፣ በ1970 እ.ኤ.አ. ሃዋርድ ቴሚንና ዴቪድ ባልቲሞር በእንስሳት ቫይረሶች ውስጥ ለየብቻ አገኙት፤ በ1975 ኖቤል ተሸለሙበት። ሳይንስ እስከዚያ ድረስ መንገዱ ከዲኤንኤ ወደ አርኤንኤ ብቻ ይመስለው ነበር። ኤችአይቪ ራሱ የተገኘው በ1983 ነው። የቴሚንና የባልቲሞር ሥራ ባይቀድም ኖሮ ምን ያህል በጨለማ እንደምንዳክር አስቡት።

ከዚያ ኢንቴግሬዝ የሚባል ሌላ ኢንዛይም የተጻፈውን ዲኤንኤ ከሴሉ ዲኤንኤ ጋር ይሰፋዋል። ስንክሳሩ መሃል ባዕድ ቅጠል እንደ መስፋት ነው። ሴሉ የራሱ መስሎት ያነበዋል። በራሱ መሣሪያ፣ በራሱ ራይቦዞም የቫይረሱን ፕሮቲኖች ይሠራል። መድኃኒት ባልጀመረ ሰው ሰውነት ውስጥ በቀን እስከ 10 ቢሊዮን ቫይረስ ይመረታል።

መድኃኒቶቹ ምን ያደርጋሉ? ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን ወደ ኋላ የሚጻፈውን ጽሑፍ መሃል ላይ ያቋርጡታል። ዶሉቴግራቪር ቅጠሉ እንዳይሰፋ ይከለክላል። ልብ በሉ፤ ሁሉም አዲስ ሴል እንዳይያዝ ነው የሚጠብቁት። ቀድሞ የተሰፋውን ቅጠል አንዳቸውም አይነቅሉትም።

የእህቴ ልጅ እዚህ ላይ «ታዲያ የተሰፋው ለምን አይታይም?» አለች። ደስ አለኝ። ጥያቄው እዚያ ነው ያለው። ከተያዙት ሴሎች ጥቂቶቹ ያንቀላፋሉ። ያለፈን በሽታ የሚያስታውሱ የመከላከያ ሴሎች ናቸው፤ ለዓመታት ይኖራሉ። ሲያንቀላፉ ገጾቻቸው ይጠቀለላሉ፤ የቫይረሱም ቅጠል አብሮ ይጠቀለላል። አይነበብም። ካልተነበበ አርኤንኤ አይወጣም። ቫይራል ሎድ ደግሞ የሚቆጥረው ደም ውስጥ የወጣውን የቫይረስ አርኤንኤ ነው። መሣሪያችን የሚነበበውን እንጂ የተጻፈውን አያይም።

ያ ሴል አንድ ቀን የሆነ ነገር ቀስቅሶት ይነቃል። ሴሉ ሲነቃ የራሱን ገጾች የሚከፍትበት ኤንኤፍ ካፓ ቢ የሚባል ፕሮቲን አለ፤ የቫይረሱንም ቅጠል የሚከፍተው እሱ ነው። መድኃኒቱ ካለ የወጣው ቫይረስ መግቢያ ያጣል። ከሌለ ግን ብዙ ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ደም ውስጥ ይሞላል። የሚያንቀላፉት ሴሎች የሚመናመኑት በጣም በዝግታ ነው። መድኃኒቱ ብቻውን እንዲጨርሳቸው ከተባለ ከ70 ዓመት በላይ እንደሚፈጅ ተሰልቷል። ዕድሜ ልክ የሚባለው ለዚህ ነው።

ቢሆንም ያ ወረቀት እውነተኛ የምሥራች ነበር። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የወሰደና ቫይረሱ የማይታይ የሆነ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላ አያስተላልፍም። ጤናው ይጠበቃል። ይሄን ልነግራት እችል ነበር። «አልታየም፤ መድኃኒቱ አስተኝቶታል፤ ካቆምሽው ይነሣል» ማለት ስንት ሰከንድ ይፈጃል? የአንድ ሰው ወረፋ እንኳ አይሆንም።

ጓንት ልበሱ፣ ናሙና ላይ ስም አታሳስቱ እያልኩ አልደክምም፤ ይሄን ማንም ይነግራችኋል። ስለ እናንተ የማስበውን ግን ልናገር። ብዙ ታውቃላችሁ። ጂን ስለሚቆርጠው ስለ ክሪስፐር ከኔ በላይ ታውቃላችሁ፤ ስልካችሁ ላይ ሁሉም አለ። ነገር ግን ሰው ፊት ስትቆሙ የምትናገሩት ለመምህሩ ነው የሚመስለው። ልምምድ የመጣ አንድ ጎበዝ ልጅ አንዲት እናት ፊት «ሰፕረስድ ነዎት» ሲል ሰምቻለሁ፤ ቫይረሱ በመድኃኒት ተገትቷል ማለቱ ነው። እናቲቱ ራሷን ነቀነቀች። ምንም አልገባትም። እኔ «የለም» ስል ገብቷት ነበር፤ የገባት ውሸት ነው እንጂ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚከፋ አሁንም እያሰብኩ ነው።

ውጤት ማስረዳት የላብራቶሪ ሰው ሥራ አይደለም ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ወደ ክትትል ክፍሉ ላኩ። ግን ወረቀት ይዞ የተንቀጠቀጠን ሰው «እዚያ ሂጂ» ብላችሁ ብቻ አትሸኙ። አንዳንዱ እዚያ አይደርስም።

አንድ ጊዜ ከሸዋ ሮቢት ናሙና ይዘን ስንመጣ ጣርማ በር ላይ ጉም ዋጠን። ኢጣሊያኖች የቆፈሩት ዋሻ አፍ ላይ ቆምን። የመኪናው መብራት ሁለት ክንድ አያሳይም። ሾፌሩ «መንገዱ የት ገባ?» እያለ ወርዶ በእግሩ ዳሰሰው። የበረዶ ሣጥኑን ጭኔ ላይ አቅፌ፣ ደሙ እንዳይበላሽ እየጸለይኩ ሁለት ሰዓት ጠበቅሁ። ለአንድ ሣጥን ደም ያን ያህል ተጨንቄ ነበር። ደሙ ከማን እንደተቀዳ ግን ያን ያህል አላሰብኩም።

«ታዲያ ፈልገሃታል?» አለችኝ የእህቴ ልጅ። አልፈለግኋትም። ካርዷ ውስጥ ገብቼ ስልኳን ማውጣት መብቴ አይደለም፤ ለዓመታትም በዚሁ ተሸሸግሁ።

ከጥምቀት በኋላ በዋለው ቅዳሜ ገበያ ላይ ወንድሟን አየሁት። ሁለት በግ ይዞ ቆሟል። አወቀኝ። ደህና ናት አለኝ፤ የልጅ ልጅ አይታለች። «እህቴ ታነሣሃለች፤ ስልክህን ልስጣት?» አለ። ሰጠሁት። በማግስቱ ደወለችና አላነሣሁም። ቁጥሩ ስልኬ ላይ አለ።

ይሄን ጽፌ እንደጨረስኩ እደውልላታለሁ። የአንገት ልብሱ እዚህ ጠረጴዛው ላይ ነው። ቃል እንዳይጠፋብኝ የምላትን በወረቀት ጽፌዋለሁ፦ «ያን ቀን ነርሷ ማነው ያለሽ ስትል እኔ እዚያው ነበርኩ። ያልኩሽ እኔ ነኝ።»