ጉርምስና ሲዘገይ፦ ለላካችኋቸው ጥያቄዎች መልስ

የልጆችን ዕድገትና ሆርሞን የምከታተል ሐኪም ነኝ። በጉርምስና ዕድሜ ስለሚታዩ ያልተለመዱ የሰውነት ዕድገት ችግሮች ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ልጄ 14 ዓመት ሞልቶታል። ድምፁ አልጎረነነም፤ ከክፍሉ ልጆችም ሁሉ ያጥራል። ሐኪም ቤት ብወስደው «ጊዜው ሲደርስ ያድጋል፣ አታስቢ» ብለው መለሱኝ። ልጠብቅ ወይስ ሌላ ቦታ ልውሰደው?

መልስ፦ ቆለጡ ተለክቶ ከሆነ ይጠብቁ፤ ካልተለካ ይውሰዱት። በወንዶች ላይ አብዛኛው መዘግየት በእርግጥ በሽታ አይደለም። አባቱ ወይም አጎቶቹ ዘግይተው የጎረመሱ ከሆነ ልጁም እነሱን መከተሉ ነው። ይህ የሚባለው ግን ከምርመራ በኋላ ነው። ወንድ ልጅ በ14 ዓመቱ ቆለጡ ማደግ ካልጀመረ፣ ሴት ልጅ በ13 ዓመቷ ጡቷ ካላጎጠጎጠ ወይም በ15 ዓመቷ የወር አበባ ካላየች መመርመር አለባቸው።

ድምፅና ጺም ኋላ የሚመጡ ስለሆኑ በእነሱ አይፈረድም። የወንድ ልጅ ጉርምስና የሚጀምረው በቆለጥ ማደግ ነው። የምንለካውም እንደ መቁጠሪያ በክር በተሰኩ፣ ከ1 እስከ 25 ሚሊ ሊትር በሚደርሱ ሞላላ ዶቃዎች ነው፤ ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም አንድሪያ ፕራደር ያመጣው ዘዴ ነው። ሐኪሙ በአንድ እጁ ቆለጡን፣ በሌላው ዶቃዎቹን እየዳሰሰ ያመሳስላል። 4 ሚሊ ሊትር ከደረሰ ጉርምስናው ጀምሯል፤ ያኔ ልጁም እናቱም እፎይ ይላሉ። ይህን ያህል ቀላል ልኬት ሳይደረግለት ልጅ ሲሰናበት በጣም ያሳዝነኛል።

ከዚያ የግራ እጁ ራጅ ይነሣል፤ አጥንቱ ከዕድሜው ምን ያህል ወደ ኋላ እንደቀረ ይታያል። ቁመቱም በስድስት ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ ይለካል። ከከሳ፣ ተቅማጥ ከተመላለሰበት ወይም ቶሎ የሚደክመው ከሆነ ግን አስቀድሞ የሚፈለገው የምግብ እጥረት፣ የአንጀት፣ የኩላሊት ወይም ሌላ ሥር የሰደደ ሕመም ነው።

ጥያቄ፦ የደም ምርመራው ምን ይነግራችኋል?

መልስ፦ ዋናዎቹ ኤልኤች እና ኤፍኤስኤች የሚባሉ ሆርሞኖች ናቸው። ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ ታመነጫቸዋለች፤ ቆለጥን ወይም ኦቫሪን (የሴት እንቁላል ማምረቻን) ሥራ የሚያስጀምሩትም እነሱ ናቸው። ከፍ ብለው ከተገኙ ትእዛዙ ደርሷል፣ የታዘዘው አካል ግን አልሠራም፤ ስለዚህ ክሮሞሶም፣ ማለትም በሴል ውስጥ ያለውን ከወላጅ የሚወረስ የዘር መረጃ ተሸካሚ፣ እንመረምራለን። ዝቅ ካሉ ትእዛዙ ራሱ አልወጣም ማለት ነው። አስቸጋሪው ይህኛው ነው፤ ጤነኛ ሆኖ ዝም ብሎ የዘገየ ልጅም ውጤቱ እንዲሁ ዝቅተኛ ስለሆነ አንድ የላቦራቶሪ ወረቀት ሁለቱን አይለያቸውም።

ጥያቄ፦ 17 ዓመቴ ነው። የ11 ዓመት ልጅ እመስላለሁ። ሁለቱም ሆርሞኖች ዝቅተኛ ናቸው ተብያለሁ። ሌላ ሕመም የለብኝም። ምን ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ቡና ሲቆላ ይሸትሃል? ቶሎ ብለህ «አዎ» አትበለኝ። ከተወለደ ጀምሮ ሽታ የማያውቅ ሰው ጭሱን ያያል፣ ሰዎች «ደስ የሚል ሽታ» ሲሉም ይሰማል፤ ስለዚህ የሚሸተው ይመስለዋል። ዓይንህን ጨፍነህ አንድ ሰው የተፈጨ ቡና፣ ቀጥሎ ቅርንፉድ፣ ቀጥሎ ባዶ ሲኒ ያቅርብልህ፤ ለይተህ ንገረው። በርበሬና አልኮል አይሁኑ፤ አፍንጫን ስለሚቆጠቁጡ በሌላ ነርቭ ይታወቃሉ።

የምጠይቅህ ያለ ምክንያት አይደለም። ጉርምስናን የሚያስጀምሩት የአንጎል ሴሎች ፅንሱ ገና ሲፈጠር በአፍንጫው አካባቢ ይበቅሉና የማሽተት ነርቭን ተከትለው ወደ አንጎል ይጓዛሉ። ጉዞው ከተሰናከለ ጉርምስናም ሽታም አብረው ይቀራሉ። ሐኪሙ ፍራንዝ ካልማን በ1944 በአውሮፓ አቆጣጠር ስለጻፈበት ካልማን ሲንድረም ይባላል። ስትወለድ ቆለጥህ አልወረደም ነበር? በቤተሰብህ ከንፈሩ የተሰነጠቀ ወይም አንድ ኩላሊት ብቻ ያለው ሰው አለ? እነዚህን ለሐኪምህ ንገር። ሽታቸው ደህና ሆኖ ይኸው ችግር ያለባቸውም አሉ። ራስ ምታት ካለህ፣ እይታህ ከጎን ከጠበበ ወይም የውኃ ጥም ከበዛብህ ግን በአንጎል ውስጥ የበቀለ እባጭ ሊሆን ስለሚችል የአንጎል ኤምአርአይ ሳይዘገይ ይነሣ።

ካልማን ከሆነ ሕክምና አለው። ቴስቶስትሮን የተባለው የወንድ ሆርሞን ጺምህንም ድምፅህንም ያመጣል። ልጅ መውለድ ስትፈልግ ደግሞ በሌላ መርፌ ዘር እንዲመረት ማድረግ በብዙዎች ላይ ተሳክቷል። «መካን ነህ» ብሎ የሚያሰናብትህን አትስማ።

ጥያቄ፦ ልጄ 13 ዓመቷ ነው፤ በጣም አጭር ናት፣ ጡትም አላወጣችም። ቤተሰባችን ግን ሁሉም አጭር ነው።

መልስ፦ የቤተሰብ ማጠር ብዙ ሴት ልጆችን ከምርመራ አስቀርቷል። ሴት ልጅ ያለ ግልጽ ምክንያት አጭር ከሆነች ክሮሞሶሟ ይታይ። ከሁለቱ ኤክስ ክሮሞሶሞች አንዱ ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል ሲጎድል ተርነር ሲንድረም ይባላል፤ ከ2,000 እስከ 2,500 ከሚወለዱ ሴቶች አንዷ ላይ ይገኛል። የአንገት ቆዳ መስፋት፣ ከኋላ ዝቅ ብሎ የሚበቅል ፀጉር፣ ሲወለዱ ያበጠ እጅና እግር ምልክቶቹ ናቸው፤ ከማጠር በቀር ምንም የማይታይባቸውም ብዙ ናቸው። ከታወቀ የልብ አልትራሳውንድ የግድ ነው፤ ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር ጠቦ ሊገኝ ይችላል። ኩላሊትና በአንገት ላይ ያለችው ታይሮይድ ዕጢም ይታያሉ። የዕድገት ሆርሞን የሚጠቅመው አጥንት ማደጉን ሳያቆም ስለሆነ እባክዎ ዓመት አይጨምሩ።

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ልጄ ጡቷ አድጓል፣ የወር አበባ ግን የለም። በየወሩ ሆዷን ያማታል። ምርመራው ድንግልናዋን ይነካል ብዬ ፈርቻለሁ።

መልስ፦ አይነካም። ከውጭ ማየትና በሆድ በኩል አልትራሳውንድ ማንሣት በቂ ነው። በየወሩ የሚመላለስ ሕመም ደሙ መውጫ አጥቶ መታቆሩን ሊያሳይ ስለሚችል በዚህ ሳምንት ይውሰዷት፤ መፍትሔው ብዙ ጊዜ አነስተኛ ቀዶ ሕክምና ነው። ሕመም ከሌለ ግን ማህፀን ሳይፈጠር ቀርቶ እንደሆነ ይታያል።

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ወንድሜ ረጅም ነው፤ ጡት አውጥቷል፣ ያፍራል።

መልስ፦ በጉርምስና መካከል ይህ በብዙ ወንዶች ላይ ይታያል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ዓመት ውስጥ ይጠፋል። ቆለጡ ትንሽና ጠንካራ ከሆነ ግን ክላይንፌልተር ሲንድረም፣ ማለትም ተጨማሪ ኤክስ ክሮሞሶም እንዳለው ይመርመር። ጉርምስናው በሰዓቱ ስለሚጀምር ብዙዎቹ የሚታወቁት ትዳር ይዘው ልጅ ሲያጡ ነው።

ጥያቄ፦ የምንኖረው አሜሪካ ነው። የልጃችን ልደት በወረቀት ላይ ጃንዋሪ 1 ነው፤ እውነተኛው አይደለም። ለሐኪሙ እንንገር?

መልስ፦ ይንገሩ። ዓመቱ ከእኛ አቆጣጠር ሲቀየር፣ ልደቱ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ከሆነ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ 8 ዓመት መደመር ሲገባ ይሳሳታል፤ በ14 ዓመት ድንበር ላይ ደግሞ አንድ ዓመት ፍርዱን ይለውጣል። የአጥንት ራጅም የልደት ቀን አይነግርም።

ጥያቄ፦ ለቀጠሮ ምን ይዘን እንምጣ?

መልስ፦ የክትባት ካርዱን፣ ያላችሁን የቁመት ልኬት ሁሉ፣ በግድግዳ ላይ የተሰመረውንም ቢሆን ከነቀኑ ጻፉት። የየዓመቱን የትምህርት ቤት ፎቶግራፍ አምጡ። ሁለቱም ወላጆች ቢመጡ ቁመታችሁን እዚሁ እንለካለን። ልጁንም ምን እንደሚመረመር ቤት ሳላችሁ ንገሩት፤ ልብሱን እንዲያወልቅ የምጠይቀው እሱ ራሱ ሲፈቅድ ብቻ ነው።