ካሜራዬ ከቦርሳ አልወጣ አለች

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፤ ቢሮ ነው የምሠራው። የመንገድ ላይ ፎቶ ማንሳት ከጀመርኩ ሦስት ዓመት አለፈኝ። በስልክ ጀመርኩ፣ በኋላ ያገለገለች ካኖን ገዛሁ። ድሮ ቅዳሜና እሑድ ጎህ ሲቀድ ተነስቼ ጣና ዳር እወርድ ነበር። አሁን ካሜራዋ ከቦርሳ ከወጣች አራት ወር ሆናት። ከተማዋ አለቀችብኝ። ዘንባባው፣ ባጃጁ፣ ታንኳው፣ ፔሊካኑ፣ ያላነሳሁት የለም። ፌስቡክ ላይ ስለጥፍ አሥር ሰው ላይክ ያደርጋል፣ እነሱም ዘመዶቼ ናቸው። ጓደኞቼ «ሠርግ አንሳባትና ብር ሥራ» ይሉኛል። የድሮው ፍቅር እንዲመለስልኝ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንተ ያለህበት ቦታ እኔም ነበርኩ። ካሜራዬን ልሸጣት ዋጋ ሁሉ አስጠይቄ ነበር።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅህ። በእነዚህ ሦስት ዓመታት ካነሳሃቸው ሰዎች ውስጥ ፎቶውን ያየው ስንቱ ነው? እኔ ይህን ራሴን ስጠይቅ መልሱ «ማንም» ነበር። ሺህ ምናምን ፎቶ ኮምፒውተሬ ውስጥ ተኝቷል፣ የተነሳው ሰው ግን መነሳቱንም አያውቅም። እንዲህ ሆኖ ሰው ባይሰለች ነው የሚገርመው።

እኔን የመለሰኝ አንድ ባጃጅ ነጂ ነው። ዝናብ ካባራ በኋላ ጊዮርጊስ አካባቢ ቆሞ የፊት መስታወቱን በጋዜጣ ሲወለውል አነሳሁት። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ሳላስበው ያው ልጅ ጫነኝ። ፎቶውን ከስልኬ አውጥቼ ሳሳየው ባጃጁን ዳር ያዘና ዝም ብሎ ያየው ጀመር። «ላክልኝ» አለኝ፤ ስልኩ ግን ፎቶ የማትቀበል አሮጌ ቀፎ ናት። ስለዚህ አሳጠብኩና ወስጄ ሰጠሁት። ከመስታወቱ በላይ ለጠፈው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ተራ ባለፍኩ ቁጥር ነጂዎቹ «እኛንስ መቼ ነው?» ይሉኛል። እንዲህ እየጠሩህ ካሜራህን ቤት ጥለህ መውጣት ይከብድሃል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፤ ፎቶህን አሳጥብና ለባለቤቱ መልስ። በወር አራት አምስት ብቻ ይበቃል። ለመመለስ ስትሄድ ደግሞ ሁለተኛ ታየዋለህ፣ ስሙን ታውቃለህ፣ ቁጭ ትላለህ፣ ሁለተኛው ፎቶ ከመጀመሪያው ይሻላል።

አሁን «ከተማዋ አለቀችብኝ» ወዳልከው ልምጣ። እዚህ ላይ አልስማማም። ታንኳ ብዙ ጊዜ አንስተሃል፣ እሺ። ታንኳ ሲሠራ ግን አንስተሃል? ደንገሉ ሲታጨድ፣ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ሲደርቅ፣ ነዶ ነዶው በገመድ ተጠፍሮ ሲጠብቅ፣ የሚጠፍረው ሰው እግሩን ደግፎ ሲስብ? ደንገል ውኃ ይጠጣል፤ ስለዚህ ታንኳው ከሐይቁ ወጥቶ እንዲደርቅ ይደረጋል፣ ብዙም ሳይቆይ አርጅቶ በሌላ ይተካል። ከዘጌ ማገዶ ጭነው እየቀዘፉ የሚመጡትን ከሩቅ፣ ፀሐይዋ ከኋላቸው ስትጠልቅ አንስተሃቸው ይሆናል፤ ያንን ፎቶ ሁላችንም አለን። ማገዶው ሲራገፍስ? ማነው የሚገዛው? ቀዛፊው ከዚያ ሁሉ መንገድ በኋላ የት ተቀምጦ ነው የሚያርፈው? እኔ ራሴ ይህን ሁሉ ገና አላነሳሁትም፤ እያንዳንዱ የአንድ ወር ሥራ ነው።

ሳውል ላይተር የሚባል አሜሪካዊ ፎቶግራፈር ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1952 ጀምሮ እስከሞተበት እስከ 2013 ድረስ ኒውዮርክ ውስጥ አንድ ሰፈር ኖረ፤ ዛሬ ሰው የሚያደንቅለት ፎቶ አብዛኛው ከቤቱ ብዙ ሳይርቅ የተነሳ ነው። ጃንጥላ፣ ጤዛ የያዘ መስኮት፣ በመስታወት ውስጥ የደበዘዘ ሰው። ይህን ሳይ ሐምሌና ነሐሴ ትዝ ይሉኛል። እኛ ክረምት ሲገባ ካሜራችንን እናስቀምጣለን። ግን ባጃጅ ውስጥ ሆነህ፣ በጎን በተጋረደው ላስቲክ ላይ ዝናቡ ሲወርድ፣ ከውጭ ቀይ ጃንጥላ የያዘች ሴት ስታልፍ አስበው። ካሜራዋን በፌስታል ጠቅልልና ውጣ።

ስለ ብርሃን አጭር ነገር ልበል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10 ሰዓት ተኩል እስክትጠልቅ ጥሩ ነው። ቀትር ላይ፣ በተለይ ሚያዝያ ውስጥ፣ ፀሐይዋ ልክ አናት ላይ ስለምትሆን የሰው ዓይን ጥላ ውስጥ ይገባል። ያኔ ዛፍ ሥር ወይም በረንዳ ሥር ግባ። ጀርባውን ለሐይቁ የሰጠ ሰው ስታነሳ ደግሞ ካሜራዋ ብርሃኑን የምትለካው ከውኃው ነጸብራቅ ነው፤ ፊቱ ይጠቁራል። ብርሃኑን ከፊቱ ላይ ለካ።

ሌላው፣ ያነሳኸውን በዚያው ምሽት አትፍረድበት። ጋሪ ዊኖግራንድ የሚባለው አሜሪካዊ የመንገድ ፎቶግራፈር ሆን ብሎ ፊልሙን አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ሳያጥብ ያቆይ ነበር፤ ያነሳበት ቀን ስሜቱ ከፎቶው ጋር እንዳይደባለቅበት ብሎ። አንተ ዓመት አትጠብቅ። ግን ወር ጠብቅ። ያን ቀን «ምንም አልያዝኩም» ብዬ ከተውኳቸው ውስጥ በኋላ ስመለስባቸው የምወዳቸው ብዙ ናቸው። ላይኩን በተመለከተ፣ ለጥቂት ወራት መለጠፍ አቁም። ሠርጉን ብር ካስፈለገህ ሥራው፣ ምንም ነውር የለውም፤ ቅዳሜ ጠዋትህን ግን ለሠርግ አትስጥ።

እንዲህ ጀምር። አንድ ቦታ ምረጥ፣ ማገዶ የሚራገፍበት ዳርቻ ሊሆን ይችላል። አራት ቅዳሜ በተመሳሳይ ሰዓት ሂድ። አምስት ፎቶ አሳጥበህ ለሰዎቹ ስጥና ምን እንዳሉህ ጻፍልኝ። የእውነት መስማት እፈልጋለሁ።

ጥያቄ፦ እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ ያለኝ ስልክ ብቻ ነው። ገበያ ገብቼ ሰው ላነሳ ስል ይቆጡኛል። አንዷ እናት «ልትሸጪኝ ነው?» አሉኝ፣ ደንግጬ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ስልኬን ማውጣት ፈራሁ። ተደብቄ ላንሳ ወይስ ላስፈቅድ?

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ ስልኩ አትጨነቂ። ፎቶግራፈሩ ግርማ በርታ የአዲስ አበባን የመንገድ ሰዎች በስልኩ እያነሳ በአውሮፓውያኑ 2016 የፎቶ ኩባንያው የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራም የገንዘብ ድጋፍ ካገኙት ሦስት ሰዎች አንዱ ሆኗል።

ተደብቀሽ ግን አታንሺ። እናትየው የጠየቁሽ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ጣና ዳር ያለ ሰው፣ በተለይ ታንኳ የሚሠሩት ወይጦዎች፣ ስንት እንግዳ አንስቷቸው ሄዶ አልተመለሰም። እኔ መጀመሪያ ስልኬን ኪሴ ውስጥ እተዋለሁ። «እንዴት ዋላችሁ» እላለሁ፣ ቲማቲም እገዛለሁ፣ ጀበና ካለ ቡና ጠጥቼ እቀመጣለሁ። ግማሽ ሰዓት ቢሄድ ይሂድ። ከዚያ «ሥራዎን እየሠሩ ባነሳዎት ቅር ይልዎታል?» ብዬ እጠይቃለሁ። እሺ ካሉ መጀመሪያ ላይ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ያንንም አነሳላቸዋለሁ፣ የሚፈልጉት እሱን ነውና። ቆይተው ወደ ሥራቸው ሲመለሱ የራሴን አነሳለሁ። «አጥፊው» ያለሽ ሰው ካለ እሱ ራሱ እያየ አጥፊለት። ልጅ ከሆነ እናቱን ጠይቂ። ድልድይና ጥበቃ ያለበት ቦታ ደግሞ ስልክሽን አታውጪ፣ ጣጣ አለው።

ወደ እኚያ እናት ተመለሺ። ስልክሽን ሳታወጪ ሽንኩርት ግዥያቸውና ያን ቀን ደንግጠሽ እንደሄድሽ ንገሪያቸው።