መልስ፦ ባፕቲስት ፓስተርን ዘጌ ስለመውሰድ

ወንድሜ፣ «ለሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ልባቸው ክፍት የሆነ ባፕቲስት ፓስተር እንግዳ አሉኝ፤ ጣና ሐይቅ ዳር ዘጌ ባለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ከካህናቱ ጋር መጸለይ ይችላሉ?» ብለሃል።

መጎብኘት ይችላሉ፤ የጋራ ጸሎት ግን አትጠይቅ። ቀኖናው ስለማይፈቅድ እምቢ ማለቱ ለካህኑም ይከብዳል። ቁርባንም እንደዚያው ነው። በብዙ ባፕቲስቶች ዘንድ ማዕዱ ለአማኝ ሁሉ ክፍት ስለሆነ፣ ይህን ጀልባ ሳትሳፈሩ ንገራቸው።

ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ካህኑ መስቀል ሲዘረጉ መሳለም ካልፈለጉ፣ እጅን ደረት ላይ አድርጎ ጎንበስ ማለት ይበቃል። ባለቤታቸው አብረው ካሉ የጣናውን ደሴት ገዳም ክብራን ገብርኤልን ተወው፤ ሴት አያስገባም። ረቡዕና ዓርብ ምሳው የጾም ይሁን።

ጨዋታው የሚበላሸው ጥምቀት ላይ ነው። ሁለቱም ውኃ ውስጥ ያጠልቃሉ። ኦርቶዶክስ ግን ወንድን በ40፣ ሴትን በ80 ቀን ታጠምቃለች፤ ባፕቲስት ራሱ አምኖ የመሰከረን ብቻ። በሕፃንነቱ የተጠመቀን እንደገና ማጥመቅ በካህኑ ዓይን «አንዲት ጥምቀት» የሚለውን የጸሎተ ሃይማኖት ቃል መሻር ነው። ስለዚህ ወሬውን ከሥላሴ ወይም ከግድግዳው ሥዕሎች ጀምሩ።