ዴፔሽ ሞድ ያለ ፍሌቸር፦ ስለ «ሜሜንቶ ሞሪ» ጥያቄና መልስ

ስለ ዴፔሽ ሞድና ከአንዲ ፍሌቸር ሞት በኋላ ስለወጣው አልበማቸው የላካችኋቸውን ጥያቄዎች እንዲህ መልሻለሁ። ይህ ባንድ ለእኔ ከልጅነት ጀምሮ አብሮኝ ያለ ስለሆነ አንዳንዱ መልስ ከሌላው ረዘም ይላል። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ምንም አላውቅም። እነማን ናቸው? የሞተውስ የትኛው ነው?

በሲንተሳይዘር፣ ማለትም ድምፅን በኤሌክትሮኒክ መንገድ በሚፈጥር ኪቦርድ፣ የሚጫወቱ እንግሊዞች ናቸው። በ1980 ከለንደን በስተምሥራቅ፣ ኤሴክስ ውስጥ ባለችው ባዚልደን ከተማ ነው የጀመሩት። አራት ነበሩ፦ ቪንስ ክላርክ፣ ማርቲን ጎር፣ አንዲ ፍሌቸር እና ድምፃዊው ዴቭ ጋሃን። ያኔ ዘፈኑን በአብዛኛው የሚጽፈው ቪንስ ነበር፤ እሱ ግን በ1981 የመጀመሪያው አልበም እንደወጣ ለቀቀ። ከዚያ ድርሰቱ በማርቲን ላይ ወደቀ። በ1982 አለን ዋይልደር ገባ፣ በ1995 ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሦስቱ ብቻ ሆነው ቆዩ። አንዲ ፍሌቸር ሜይ 26 ቀን 2022፣ በ60 ዓመቱ፣ ቤቱ እያለ ድንገት አረፈ። ከልብ የሚነሳው ትልቁ የደም ሥር ግድግዳ ተሰንጥቆ ነው። ነፍሱን ይማር።

ጥያቄ፦ ፍሌቸር ዘፈን አይጽፍም፣ አይዘፍንም፣ ኪቦርዱንም ያን ያህል አይጫወትም ነበር ይባላል። ታዲያ የእሱ መሞት ለሙዚቃው ምን ያጎድላል? ለመንቀፍ ሳይሆን የምር ገርሞኝ ነው።

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። እሱ ራሱ አልደበቀውም። በ1988ቱ ጉዟቸው በተቀረጸው «101» በተባለው ዶክመንተሪ ላይ የእያንዳንዱን ድርሻ ሲናገር፣ ማርቲን ደራሲው፣ አለን ጎበዙ ሙዚቀኛ፣ ዴቭ ድምፃዊው ነው ካለ በኋላ ስለራሱ «እኔ ዝም ብዬ እዞራለሁ» ዓይነት ነገር ነው የተናገረው። ሰው ይህንን እንደ ቀልድ ይዞ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲደጋግመው ኖረ።

እውነቱ ሌላ ነው። ለረጅም ጊዜ ባንዱ እንደሌሎቹ ታላላቅ ባንዶች መደበኛ ማናጀር አልነበረውም። ሒሳቡን፣ ውሉን፣ የጉዞውን ጉዳይ የሚከታተለው፣ ጋዜጠኛ ፊት ቀርቦ የሚናገረው ብዙውን ጊዜ ፍሌቸር ነበር። ወደ ሙዚቃ ከመግባቱ በፊት የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነበር፤ ማርቲን ደግሞ የባንክ። ሁለቱ የትምህርት ቤት ጓደኞች ናቸው።

ከሒሳቡ የሚበልጠው ግን ሽምግልናው ነው። ማርቲን ዝምተኛ ሰው ነው፤ ዴቭ ደግሞ የሚሰማውን በፊቱም በድምፁም የሚያወጣ። ዴቭ ለብዙ ዓመታት የሌላ ሰው ቃል ሲዘፍን ኖሮ፣ የራሱ ዘፈኖች በአልበም ላይ መግባት የጀመሩት በ2005 «ፕሌይንግ ዘ ኤንጅል» ላይ ነው። ያንን ቦታ ለማግኘት ብዙ ታግሏል፤ ቅሬታ ነበረው። በሁለቱ መካከል የሚመላለሰው፣ አንዱ የተናገረውን ለሌላው አለስልሶ የሚያደርሰው ፍሌቸር ነበር። ሦስት ሰው ሲሆን ሁለት ለአንድ ተብሎ ነገር ያልቃል። ሁለት ሲቀሩ አብላጫ የሚባል ነገር የለም፤ ወይ ይስማማሉ፣ ወይ ሥራው ይቆማል። እንግዲህ የጎደለው ይህ ነው፤ ኪቦርዱን የሚጫወት ሰው አይጠፋም።

ጥያቄ፦ አልበሙ ለፍሌቸር መታሰቢያ የተጻፈ ነው አይደል?

አይደለም። ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው፤ ቀኑን ስናይ ግን አይገጥምም። ዘፈኖቹ በአብዛኛው የተጻፉት በኮሮና ጊዜ ነው፤ ርዕሱም ከሞቱ በፊት የተመረጠ ነው። «ሜሜንቶ ሞሪ» ላቲን ነው፣ መሞትህን አስታውስ ማለት። ማርቲን በዚያ ወቅት 60 ዓመት ሞልቶት ነበርና ስለ ዕድሜ እያሰበ ነበር፤ ያን ጊዜ በየቀኑ ከምንሰማው የሞት ወሬ ጋር ተደማምሮ እዚያ ርዕስ ላይ አደረሰው። ቀረጻው በክረምቱ ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት ፍሌቸር ሞተ። ማርቲን እንደተናገረው በጣም የሚቆጨው ነገር ጓደኛው ከዘፈኖቹ አንዱንም ሳይሰማ መሄዱ ነው።

እንግዲህ ርዕሱን ይቀይሩት ወይስ ይተዉት? ተዉት፤ እኔ ትክክል አደረጉ እላለሁ። ቃላቱ በሰው ሞት ለመነገድ የተጻፉ አለመሆናቸውን እናውቃለን፤ ግን ከሞቱ በኋላ ዴቭ ማይክሮፎን ፊት ቆሞ ሲዘፍናቸው የሚያስበው ሰው ነበረው። ድምፁ ላይ ይሰማል።

ጥያቄ፦ ቀረጻው እንዴት ሆነ? ልናቁመው ብለው አስበው ነበር?

አስበውበታል። በተለይ ዴቭ ጥርጣሬ ነበረው። በመጨረሻ ግን ቀጠሮውን ሳይሰርዙ በ2022 ክረምት ካሊፎርኒያ ሳንታ ባርባራ ባለው በማርቲን ስቱዲዮ ተገናኙ። ፕሮዲዩሰሩ ጄምስ ፎርድ ነው፤ የ2017ቱንም አልበማቸውን «ስፒሪት»ን የሠራው እሱ ነው። አብራው ማርታ ሳሎኒ የምትባል ጣሊያናዊት የድምፅ ባለሙያ ነበረች። ክፍሉ ውስጥ ጥቂት ሰው ነው የነበረው፤ አልበሙም ያንን ይመስላል። ድምፅ በድምፅ ላይ አልተደራረበም፤ ሲንተሳይዘሮቹ ይተነፍሳሉ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ሁለቱ ሰዎች መነጋገር መጀመራቸው ነው። በሞቱ የተነሳ ከድሮ ይበልጥ መቀራረባቸውን ሁለቱም ደጋግመው ተናግረዋል። «ዋጊንግ ተንግ» የተባለውን ዘፈን አብረው ነው የጻፉት። ለሌላ ባንድ ይህ ተራ ነገር ይሆናል፤ በእነዚህ ሁለት ሰዎች የአርባ ዓመት ታሪክ ውስጥ ግን ማርቲንና ዴቭ ተቀምጠው አንድ ዘፈን አብረው መጻፋቸው እጅግ ብርቅ ነው። ኦክቶበር 2022 በርሊን ላይ መግለጫ ሰጥተው አልበሙንና ጉዞውን አሳወቁ፤ አልበሙ ማርች 24 ቀን 2023 ወጣ።

ጥያቄ፦ ከአልበሙ «ጎስትስ አጌን»ን ሰምቼ ደስ የሚል ዘፈን ሆነብኝ። ሐዘን ነው ብዬ ጠብቄ ነበር።

እህቴ፣ ትክክል ነው የሰማሽው። ምቱ ወደፊት ይገፋል፣ የጊታሯ ዜማ ብሩህ ናት፤ ግጥሙ ግን ሁላችንም ተመልሰን መንፈስ እንደምንሆን ነው የሚናገረው። ማርቲን ያንን ዘፈን ከሪቻርድ በትለር ጋር ነው የጻፈው፤ ሳይከዴሊክ ፈርስ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ ድምፃዊ ነው። በአልበሙ ላይ አራት ዘፈን አብረው ጽፈዋል። ማርቲን በባንዱ ታሪክ ከውጭ ሰው ጋር እንዲህ ሠርቶ አያውቅም ነበር።

ቪዲዮውን ለአሥርት ዓመታት አብሯቸው የሠራው ሆላንዳዊው አንቶን ኮርባይን ቀረጸው። በጥቁርና ነጭ ሁለቱ ሰዎች ቼዝ ይጫወታሉ። ኢንግማር በርግማን በ1957 በሠራው ፊልም ላይ ባላባቱ ከሞት ጋር የሚጫወተውን ቼዝ ነው ያነሳው። ሦስተኛ ወንበር የለም።

ጥያቄ፦ አለን ዋይልደርን ለምን አይመልሱትም?

እኔም እወደዋለሁ፤ «ቫዮሌተር» የተባለውን አልበማቸውን ያለ እሱ ማሰብ ይከብዳል። በ2010 ለንደን ሮያል አልበርት ሆል ለአንድ ዘፈን አብሯቸው ፒያኖ ተጫውቷል። ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም። የፍሌቸርን ቦታ ደግሞ በማንም አልተኩትም። በመድረክ ላይ ድራም የሚመታው ክርስቲያን አይግነርና ኪቦርድ የሚጫወተው ፒተር ጎርዴኖ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አብረው ያሉ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጓደኛ ሞቶባቸው የቀጠሉ ሌሎች የሲንተሳይዘር ባንዶች አሉ? ማነጻጸር ይቻላል?

የመጀመሪያው ምሳሌ ኒው ኦርደር ነው። የማንችስተሩ ጆይ ዲቪዥን ድምፃዊ ኢያን ከርቲስ ሜይ 18 ቀን 1980፣ ወደ አሜሪካ ጉዞ ሊነሱ ሲሉ ራሱን አጠፋ። የቀሩት ሦስቱ ስም ቀየሩ፣ ጊሊያን ጊልበርትን ጨመሩ፣ በርናርድ ሳምነር ዘፋኝ ሆነ። በ1981 ያወጡት «ሙቭመንት» ገና የሟቹ ጥላ ያለበት አልበም ነው፤ በ1983 «ብሉ መንዴይ» ሲመጣ ነው ራሳቸውን የቻሉት።

ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። እነዚያ በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ሆነው ድምፃቸውንና ቃላቸውን አጡ፤ ስለዚህ ሌላ ባንድ መሆን ነበረባቸው። ዴፔሽ ሞድ በስልሳ ዓመታቸው ድምፁም ቃሉም ሳይጎድል በመሃላቸው ያለውን ሰው ነው ያጡት። ስማቸውን መቀየር አላስፈለጋቸውም፤ አብሮ የመሥራት ልማዳቸውን ግን መቀየር ግድ ሆነባቸው። የትኛው ይከብዳል ብትሉኝ፣ ለእኔ ሁለተኛው። ሕዝቡ ምንም እንዳልተለወጠ ነው የሚያየው።

ጥያቄ፦ ኮንሰርት ላይ አስታወሱት?

አዎ። «ወርልድ ኢን ማይ አይስ»ን ሲጫወቱ የፍሌቸር ምስል ከኋላቸው በትልቁ ስክሪን ላይ ይወጣ ነበር፤ የ1990ው «ቫዮሌተር» መክፈቻ ነው፣ እሱም ይወደው ነበር። ንግግር አላበዙበትም። ምስሉ ይታያል፣ ዘፈኑ ይቀጥላል፣ ሰው ሁሉ አብሮ ይዘፍናል። ጉዞው ማርች 2023 ከሳክራሜንቶ ተነስቶ ኤፕሪል 2024 ኮሎኝ ላይ አበቃ። በሜክሲኮ ሲቲ የተጫወቷቸው ሦስት ምሽቶች ተቀርጸው በ2025 «ኤም» የተባለ ፊልም ሆነዋል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ አትቀየመኝ፣ ማሽን እንዴት ያለቅሳል? ለሐዘን ክራር፣ መሲንቆ ነው እንጂ።

ምንም አልቀየምም። ግን ኃይሉ መርጊያን አስብ። በ1985 ዋሽንግተን ላይ ብቻውን ሆኖ በአኮርዲዮንና በሲንተሳይዘር የቀዳውን ካሴት ስማና የናፍቆት ድምፅ አይደለም በለኝ። መሣሪያው የሚሰጥህ ድምፅ ነው፤ ትንፋሹን የሚጨምረው ሰው ነው። በ«ሜሜንቶ ሞሪ» የመጀመሪያ ዘፈን «ማይ ኮስሞስ ኢዝ ማይን» ላይ ባሱ እንደተሰነጠቀ ነገር እየተንጫረረ በዝግታ ይመጣል፤ የዴቭ ድምፅ ከላዩ ዝቅ ብሎ፣ ማንንም ወደ ውስጥ ላለማስገባት በሩን እንደዘጋ ሰው ይናገራል። ያ ዘፈን ሩሲያ ዩክሬንን በወረረች ሰሞን የተጻፈ ነው። ለልቅሶ ባይሆንም ለፍርሃት ከዚያ የተሻለ መሣሪያ አላውቅም።

ጥያቄ፦ አሁን ልጀምር ብል ከየት?

አሥራ ሁለት ዘፈን ነው፤ ከፊት ወደ ኋላ በቅደም ተከተል ስሙት፣ አታቀላቅሉት። ጊዜ ከሌላችሁ ሦስቱን፦ «ጎስትስ አጌን»፤ ማርቲን ራሱ የሚዘፍነውን «ሶል ዊዝ ሚ»፤ በመጨረሻም መዝጊያውን «ስፒክ ቱ ሚ»፣ ይህኛው ከዴቭ የመጣ ነው። ማርቲን ሞትን በሰላም ሲቀበል፣ ዴቭ ደግሞ አንድ ሰው መልስ እንዲሰጠው ሲማጸን ትሰማላችሁ። ከወደዳችሁት ወደ ኋላ ተመልሳችሁ «ቫዮሌተር»ን፣ ከዚያም የ1986ቱን «ብላክ ሰለብሬሽን» ያዙ። በጆሮ ማዳመጫ ይሁን፤ የስልክ ስፒከር ባሱን ይበላዋል።